ሁለት የዓይን ምስክር

«አላየሁም» ባይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቡታጅራ፣ እኛ መሥሪያ ቤት ሞልቶላችኋል።

መዝገብ ቤት ፋይል ሳወርድ ከመሰላል ወድቄ እግሬ ተሰበረ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ «ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ለማለት ሁለት የዓይን ምስክር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሕክምናው በራስህ ነው» አለችኝ።

ቢሮ የሚጋሩኝን ባልደረቦቼን ለመንኳቸው።

«ወላሂ፣ አላየሁም!» አለ ከድር።

«እመብርሃንን፣ እኔም!» አለች አስካለች።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰዓት በርበሬ ሊሸምቱ በሚኒባስ እንሴኖ ገበያ ሄደው ነበር። ታዲያ እኔ የምተው መሰላችሁ? በክራንች እያነከስኩ የዕለቱን የሰዓት ፊርማ አመጣሁ። ሁለቱም መግቢያም መውጫም ፈርመዋል።

«እንግዲህ ምረጡ፤ ስወድቅ አይታችኋል ወይስ ሥራ ላይ አልነበራችሁም?»

ከድር እስክሪብቶዬን ነጥቆ ፈረመ። አስካለችማ ከፊርማዋ ሥር «ልይዘው ሮጬ ለጥቂት አመለጠኝ» ብላ ጨመረችበት። ከእንሴኖ!