«ግጥም» የተባለው ማገናኛ

«አይሆንም» የሚለው ቃል ጆሯቸው የማይደርስ ሰዎች አሉ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። አይጮሁም፣ አይቆጡም፣ አለቃ ጥሩልን አይሉም። የቤተሰብ ጤና ጠይቀው፣ ወንበር ስበው ይቀመጡና የተከለከሉትን ነገር እንደተፈቀደላቸው አድርገው ያወሩታል። ከእነሱ ጋር መጣላት አይቻልም፤ መገላገልም አይቻልም።

የነጋዴ ስም ይመዝገብ አይመዝገብ ለሚወስነው የንግድ ምልክት መርማሪ የደረሱት እትዬ ግጥም ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የቢሮው ጸሐፊዎች ናቸው፤ ምክንያቱ ወዲህ ነው። እትዬ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር አላቸው። አሮጌ ማሽን ከአዲስ ማሽን ጋር አልግባባ ሲል መሀል ገብታ የምታስታርቅ አጭር ገመድ በእጃቸው እየበየዱ ይሸጣሉ። ከገባች አትወላልቅም፤ ስሟንም «ግጥም» አሏት። ይሁን እንጂ አንድ ጅምላ ነጋዴ ያንኑ ስም ለጥፎ የሚግል፣ የሚቀልጥ፣ ኮምፒውተር ይዞ የሚሞት ገመድ መቸብቸብ ጀመረ። ሰው የተቃጠለ ማሽኑን ታቅፎ ለጠብ የሚመጣው ደግሞ እሳቸው ደጅ ነው። ስሙ በእሳቸው ካልተመዘገበ ነጋዴውን የሚያስቆመው የለም፤ መደብሩም አለቀለት።

መርማሪው በመጀመሪያው ቀን በትሕትና አስረዳቸው። «እትዬ፣ ዕቃው ግጥም ይላል፣ ስሙም ግጥም ነው። የዕቃውን ባሕርይ የሚናገር ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም። ስኳር የሚሸጥ ሰው ‹ጣፋጭ›ን የግሌ ነው ሊል አይችልም። ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ስም ያምጡ።»

«ልክ ነህ ልጄ፤ ግን ይሄ ፕሪንተርህ ለምን ዝም አለ?» አሉና አንዲት ግጥም ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

መርማሪው ክው አለ። በሥራ ዘመኑ የሚለምን ባለጉዳይ አይቷል፣ የሚያለቅስ አይቷል፤ የጫማው ሶል ብቻ የሚታይ ባለጉዳይ ግን ገጥሞት አያውቅም። እሱ «እትዬ፣ ይውጡ እንጂ» እያለ ሲለማመጥ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ተኳርፎ የከረመው ፕሪንተር አስነጠሰና አንድ ወረቀት ተፋ።

«ይሄ እኮ መደለያ ነው» አለ መርማሪው።

«ልክ ነህ፤ ግን ሠራ።»

ገመዷን ነቅሎ፣ የጋለ ድስት እንደሚያወርድ ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ለማተም ጎረቤት ቢሮ ሲመላለስ ባልደረቦቹ እንደ ሞኝ ያዩት ነበር።

እትዬ ተመልሰው መጡ። አሁን ደግሞ ፊታቸው በርቷል።

«ለካ ተሳስተህ ነው። የእኔዋ ግጥም እኮ ሌላኛዋ ናት።»

«የትኛዋ?»

«ገጣሚ የሚጽፋት፣ ስንኝ ያላት።»

«እትዬ፣ እንደሱ ዓይነት ግጥም ከኮምፒውተር ገመድ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም። ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ስም አምጪ ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

መርማሪውን በገዛ ደንቡ ጠፍሮ ያሰረው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቢጨንቀው፣ ግጥም ከሆነ ግጥሙ የታለ ብሎ አሰናበታቸው። ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው፤ ምስኪን። በሚቀጥለው ሳምንት በሚያምር ሥዕል ያጌጠ የካርቶን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከሥዕሉ ሥር እንዲህ ይላል፦

ሁለት ባዳ ጫፎች ተኳርፈው ቢከርሙ፣
መሀል ገባሁና ይኸው ተጋጠሙ።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አለ፤ ድንጋጤው አልለቀቀውም።

«ታዲያ ማን ይጽፍልኛል?»

«ተጋጠሙ ማለት እኮ… ተደባደቡ ማለትም ይሆናል።»

«ልክ ነህ፤ ግን ትርጉሙ እንዲህ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ቃሉ ዕቃውን ይገልጻል ብለህ እንዴት ትከለክለኛለህ?»

የዚያን ዕለት መርማሪው ራሱን ይዞ ከቢሮ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ማንም እሱን በማያውቅበት ሰፈር አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ አየና እግሩ ይዞት ገባ።

«ግጥም አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የእትዬዋ አልቋል» አለው ባለሱቁ። «ያለኝ በስሟ የሚነግደው ሰውዬ ገመድ ነው። እሱን ግን ለጠላትህም አትግዛ።»

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ሌላ ሱቅ ገባ፤ ያው። ከዚያም ማዶ ያለው፤ ያው። ተራ ቃልም ቢሆን በገዢው ጆሮ የአንድ ሰው ሥራ መጠሪያ ከሆነ እንዲመዘገብ ሕጉ ይፈቅዳል። እሱ በደንብና በስንኝ ሲከራከር፣ ገበያው ጉዳዩን ጨርሶት ነበር።

የባለሱቆቹን ቃል በምስክርነት አሰባስቦ ጉዳዩን ጨረሰና እትዬን አስጠራቸው። ገና ከበር ላይ «ልክ ነህ፤ ግን…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጣቸው።

«ተመዝግቧል፣ እትዬ።»

«ምን አልክ?»

«ግጥም የእርስዎ ነው። ነጋዴው ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሊለጥፍ አይችልም።»

አሁን ክው ያሉት እትዬ ሆኑ። ለ«አይሆንም» ሁሉ መልስ ነበራቸው፤ ለ«ይሁን» ግን አንድም አላዘጋጁም። ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ፣ መረቁት፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ወደ በሩ አቀኑ።

መርማሪው ጀርባቸውን በዓይኑ ሸኘ። ማረፉ ነበር እኮ፤ ከእንግዲህ ሰላም ነው፣ ጠረጴዛው ሥር የሚገባ የለም። ይህን አስቦ ሳይጨርስ የገዛ ድምፁን ሰማና ደነገጠ።

«እትዬ፣ የተመዘገበው እኮ ቃሉ ብቻ ነው።»

ዞሩ።

«የሳጥኑ ሥዕል ለብቻው ማመልከቻ ይፈልጋል» አለ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። «ሥዕል ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው፤ በአንድ መምጣት የሚያልቅ አይመስለኝም።»

እትዬ በሩን ዘግተው ተመለሱና፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ይጠይቁት ጀመር።