ካርድ የማይወጣለት በሽተኛ

በዚህ አገር ማንም ሰው መታመም ይችላል። ሹፌሩ ይታመማል፣ ዳኛው ይታመማል፣ ደንብ አስከባሪው እንኳ ሲያሰኘው ጉንፋን ይዞት ይተኛል። ሐኪም ግን አይታመምም። ልታመም ቢልም ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን ቢያገኝ ደግሞ፣ አሁን እንደማጫውታችሁ፣ ካርድ የሚያወጣለት የለም።

እኔ ሐኪም ነኝ። ከአንድ ወር በፊት የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች የሃያ ሦስት ዓመት ሴት፣ ደሟ አልቆም ብሎ እጄ ላይ አረፈች። "ዶክተር፣ እንዳትሄድ" ብላ እጄን እንደያዘች። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ያጋጥማል" አለኝና፣ አምስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችውን እንዳይ አዘዘኝ። አየኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ያቺ እጅ ናት።

ለሌላ ሰው የምለውን ለራሴም አልኩት፦ ሂድና ታከም። ከሰሚት ተነስቼ ቦሌ፣ አንድ ስመ ጥር የአእምሮ ሐኪም ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ስሜን ስትጠይቀኝ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ሥራዬንም ነገርኳት። ብድግ አለች። "ውይ ዶክተር! እርስዎማ ምን ካርድ ያስፈልግዎታል? ቀጥታ ይግቡ እንጂ!" ወረፋ የያዘው ሕዝብ እያጉረመረመ በጎን በር አስገባችኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ እኔ መች ክብር ፈልጌ መጣሁ? ካርድ ነው የፈለግኩት!

ሐኪሙ አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው። ተነስተው አቀፉኝ፤ ማኪያቶ አዘዙልኝ። ቦሌ ቡልቡላ የገዙት ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ስልክ እንደማያነሳ አጫወቱኝ። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብላቸው "እኛንስ መች እሺ አለን!" ብለው ሳቁ። እጄ ላይ ያረፈችውን ሴት ነገር ልጀምር ስል ደግሞ "አንተማ ታውቀዋለህ፣ ምን እነግርሃለሁ?" አሉና ብጣሽ ወረቀት ላይ የመድኃኒት ስም ጽፈው ሰጡኝ። አዎ፣ አውቀዋለሁ! ስለ ወባ የተማረ ሰው ወባ ሲይዘው ትምህርቱ ያድነዋል እንዴ? ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ተራው ደርሶ ሲደመጥ፣ እኔ የተከበርኩት ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

እሺ፣ ሐኪም ሆኜ ካልታከምኩ ሐኪም መሆኑ ይቅርብኝ አልኩ። በሳምንቱ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ጎሮ ሄድኩ። "ሥራ?" ተባልኩ። "የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ" አልኩ። የሚስቴ ወንድም ሥራ ስለሆነ ቢያንስ የፍሬን ሸራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ካርድ ወጣልኝ! ሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠበቅኩ፣ እንደዚያ ቀን ወረፋ ጣፍጦኝ አያውቅም። የገባሁበት ሐኪም ወጣት ነው። ስልኩን አጠፋ፣ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና "ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ፤ አንቸኩልም" አለኝ።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ መለዋወጫ ነጋዴ እጅ ላይ ምን ይሞታል? ባትሪ? እውነቱን ባወጣ ደግሞ ማኪያቶ ሊታዘዝልኝ ነው! ስለዚህ ሴትየዋን ሱቄ አስገባኋት። ከባሏ ጋር ዕቃ ልትገዛ መጥታ ምጥ መጣባት፣ እዚያው ወለደች፣ ደሟ አልቆም አለ አልኩ። የቀረውን ግን አልዋሸሁም። ዕድሜዋን ነገርኩት፤ እጄን እንዴት እንደያዘችኝ ነገርኩት፤ "እንዳትሄድ" ማለቷ ላይ ስደርስ ወር ሙሉ እምቢ ያለኝ ዕንባ ወረደ።

ሐኪሙ ሶፍት አቀበለኝ። ሳይቸኩል እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ። ከዚያ ሆዱ እንደባባ በሚያስታውቅ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ምነው፣ በአካባቢው ሐኪም አልነበረም?"

"ነበረ" አልኩት።