ሊቀ ሐያስያን ሥዕል ሲመርጡ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሐያሲ አይጠፋም። ሠርግ ላይ የሙሽራውን ንግግር፣ ሐኪም ቤት የወረፋውን አሰጣጥ፣ ቀብር ላይ የሟቹን የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ የሚገመግም ሰው አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

የእኛ መጽሔት ሐያሲ ግን ለዚሁ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። የመጻሕፍቱ ገጽ የእሳቸው ነው። «ክቡር ሊቀ ሐያስያን» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም «‹ክቡር› ትርፍ ቃል ነው» ከማለት በቀር አልተቃወሙም። ኮሪደሩ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቆመው አነበቡና «ግጭት አለው፤ መቋጫ ይጎድለዋል» አሉ። የሒሳብ ሹሟ የልጇን ሠርግ ጥሪ ብትሰጣቸው በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱላት፦ «መግቢያው ተንዛዝቷል። ጭብጡ ምሳ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቅ።» በሠርጉ ቀን ግን ከሁሉ ቀድመው ተገኙ፤ ከእናትየዋ እኩልም አለቀሱ።

እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንሠራ ከጽሑፋቸው አንዲት ቃል ቆርጬ በሰላም ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። «አንተ ልጅ፣ ከእሷ ይልቅ ጣቴን ቁረጥ!» ይሉኛል። ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዋና አዘጋጇ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ ተጽፏል።

«እመቤቴ፣ የልጆች ገጽ ማዶ ነው» አሉ።

«የአዋቂ ልቦለድ ነው ጋሼ። ለደራሲዋ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አሳታሚው ሁለተኛውን ክፍል ለማተም የእርስዎን ሒስ እየጠበቀ ነው፤ ካልወደዱት እዚሁ ላይ ያበቃል። ገጹ ሐሙስ ከሰዓት ይዘጋል፤ አደራ።»

ሊቀ ሐያስያን አሠራር አላቸው። መጽሐፍ ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ንግግሩን ብቻ ነጥለው በእጃቸው ይገለብጣሉ። «ጌጥ ዳኛን ያባብላል» ባይ ናቸው። ይኼኛውንም ሥዕሉን በወረቀት እየሸፈኑ፣ ከአረፋ አረፋ እየዘለሉ ቃሉን ለቀሙ፤ የለቀሙትን አነበቡ፤ ፈረዱ። ሐሙስ ጠዋት ያስረከቡኝ ሒስ እሳት ነበር፦ «አንድ አባትና የምትጦረው ልጁ እስከ አጋማሹ ያወራሉ። ከዚያ ደራሲዋ ቃል አልቆባት አረፋዎቹን ባዶ ትታቸዋለች። የቀረውን አንባቢ እንዲሞላላት ከፈለገች እርሳስ አብራ ትሽጥ።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን፣ አለቀላት፣ ሁለተኛው ክፍል ሞተ፣ አልኩ በሆዴ።

«ጋሼ፣ ከጽሑፉ ጋር የሚወጣ አንድ ሥዕል ይምረጡልኝ።»

«ሥዕል? እኔ?»

«የሥዕል መጽሐፍ ሒስ ያለ ሥዕል እንዴት ይወጣል?»

«እንግዲያው ጉዷን አወጣዋለሁ! ባዶዎቹን ነው የማሳየው።»

መጽሐፉን ገለጡ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልሸፈኑም። ወደፊት ሄዱ። ወደኋላ ተመለሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ይኼ ሽማግሌ ጫማውን የት ነው ያስቀመጠው?»

«ፍሪጅ ውስጥ።»

«ምን ሊሆንለት?»

«እየረሳ ነው እኮ ጋሼ።»

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንደገና ገለጡ። ሽማግሌው ገጽ በተገለጠ ቁጥር ቃል እየጠፋበት ይሄዳል፤ መጀመሪያ «ማንኪያ»፣ ቀጥሎ የሚስቱ ስም፤ በመጨረሻ አረፋው ብቻውን ይቀራል። ልጅቱ ጆሮዋን አስጠግታ ያንን ባዶ አረፋ ታዳምጣለች። ቀጥሎ የራሷንም አረፋ ባዶ አድርጋ ትመልስለታለች። ሽማግሌው በእጁ እያመለከተ ይስቃል።

ሊቀ ሐያስያን ከወንበራቸው ተፈናጠሩ። «እየተነጋገሩ ነው! ኧረ እየተነጋገሩ ነው! ኑ፣ ኑ እዩ!» መጽሐፉን አቅፈው በኮሪደሩ ሮጡ። ጥበቃውን ከበር ጠሩ፤ የሒሳብ ሹሟን ከወንበሯ አስነሱ። «እጁን አየሽው? ቃሉ ወደ እጁ ወርዷል!»

«ጠዋት ‹እርሳስ ትሽጥ› ያሉት ማን ነበሩ?» አለቻቸው፤ የጥሪው ቂም ገና አልወጣላትም።

«ጠዋት ዕውር ነበርኩ!»

«አሁንስ?»

«አሁን ሥራ አለብኝ፤ አታዘግዪኝ!»

ዋና አዘጋጇ ሰዓቷን እያየች ደረሰች። «ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው። የጠዋቱ ይውጣ፤ ጊዜ የለም።»

«የጠዋቱ ከወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ!» ብለው ጽሑፉን ከእጄ ነጥቀው ቀደዱት። ቅጂው ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ አፌን ዘጋሁ። ላባቸው እየወረደ ቆመው ጻፉ። ያመጡልኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ሽፋኑ አስቀያሚ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም ይንቀረፈፋል። ይህን መጽሐፍ ሥዕሉን ሸፍኜ አንብቤ ደደብ ብዬው ነበር፤ ደደቡ እኔ ነኝ። ደራሲዋ ዝም ባለችበት ገጽ የሰማሁትን፣ ሲጮኹ ከኖሩት አልሰማሁም። ሁለተኛውን ክፍል የሚያዘገይ አሳታሚ ካለ፣ የት እንደምገኝ ያውቃል።»

«የቀረው ቦታስ?»

«ለእሷ ስጣት። ሥዕሉን አስፍተህ አስገባ።»

አሳታሚው ሰኞ ደወለ። ሁለተኛው ክፍል ይታተማል፤ ሽፋኑም ይቀየራል። ሊቀ ሐያስያን ሽፋን ምን መምሰል እንዳለበት በስልክ ሲያስረዱት የሁላችንም ሻይ ቀዘቀዘ።

መከራው የመጣው በሳምንቱ ነው። ስለ አንድ ወፍራም ልቦለድ የጻፉትን ሒስ ሰጡኝ፤ ሁለት መስመር ነው። ዝምታን ካገኙ ወዲህ ቃል የሚባል አስጠልቷቸዋል። ያንን ጭር ያለ ገጽ ሳየው፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን የቀረ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼማ አይሆንም። ትንሽ ያንዛዙልኝ።»

«አንተ? አንተ ነህ ይህን የምትል?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ቃል?»

«የፈለጉትን ያህል።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ገጹን ሞልቶ ፈሰሰ። አንዲት ቃል ሳልነካ፣ ግማሽ ገጽ የያዘውን የሳሙና ማስታወቂያ ቀስ አድርጌ ወደ ጥግ ገፋሁት።