የሐጂ ስሩር እንግዳ ተቀባይ

የአገር መሪ ሁሉ ሚስት ያስፈልገዋል። ለፍቅር አላልኩም፤ ለእንግዳ። ሚስት የሌለው ፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት ሲገባ እህቱን ወይም ልጁን ጠርቶ በር ላይ ያቆማታል። የተኮራረፉትን ጎን ለጎን አስቀምጣ የምታስቀው እሷ ናት፤ አገር መራ የሚባለው እሱ ነው። የእሷ ሥራ ሹመት የለው፣ ጡረታ የለው። ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ከመሰላችሁ መርካቶ ብቅ በሉ።

ሐጂ ስሩር የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። የቆዩ ሱቆቻችን ሊፈርሱ ሲሉ በአክሲዮን ፎቅ ለመሥራት የተሰባሰብን ነጋዴዎች ነን። የምንሰበሰበው እሳቸው ሳሎን ነው። ሚስታቸው ስለሞቱ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እህታቸው እትዬ ከድጃ አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለችውን የቅመም ሱቃቸውን ዘግተው ሊያስተናግዱን ይመጣሉ። እትዬም እንደኛው ባለአክሲዮን ናቸው።

ሁለት የእህል በረንዳ ጅምላ ሻጮች ተጣልተው ማኅበሩ ሊበተን ሲል ማን ያስታረቃቸው ይመስላችኋል? እትዬ ከድጃ! አንድ ትሪ ላይ አቀራርበው፣ «በሞቴ» እያሉ በየተራ አጎረሷቸው። ጭብጨባው ግን ለሐጂ ሆነ።

ፎቁ አልቆ ሱቅ ስንደለደል ቦታው አልበቃ አለ። ደንባችን ደግሞ ከስብሰባ የቀረ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል እንጂ ሱቅ አያገኝም ይላል። አንዱ ብድግ አለና፣ የበላው ክትፎ ቅቤ ከከንፈሩ ሳይደርቅ፣ «እትዬ ከድጃን ስብሰባ ላይ አይተናቸው አናውቅም» አለ።

«ኧረ እዚሁ ቤት ነበርኩ!» አሉ፣ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዙ።

«ወጥ ቤት ስብሰባ አይደለም፣ እትዬ።»

ሁላችንም ወደ ሐጂ ዞርን። እሳቸውም፣ «እህቴ ስለሆነች አላዳላም፤ ደንብ ደንብ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ መሪ ያብዛልን ተባለ።

የምረቃው ዕለት አንድ ሹም ከባለቤታቸው ጋር እንደሚመጡ ተሰማ። ሐጂ ከጎናቸው የምትቆም ሴት ስላልነበረቻቸው ወደ እህታቸው ላኩ። እሳቸውም መጥተው ለሹሙ ሚስት አበባ ሰጡ፣ ፈገግ ብለውም ፎቶ ተነሡ።

«ምን ሊሆኑ መጡ?» አልኳቸው በኋላ፣ ተናድጄ።

«ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው እንዴ ልጄ?»

ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ዛሬ የፎቁ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስንመለስ እትዬ ከድጃ፣ የድሮ ሱቃቸው ስለፈረሰ፣ በርበሬያቸውን ላስቲክ ላይ ዘርግተው ከሥሩ ተቀምጠዋል። ጥበቃው ካልተነሡ እያለ ያዋክባቸዋል።

«ሰውዬ፣ እሳቸው ማን እንደሆኑ አታውቅም?» አልኩት ፎቶውን እያሳየሁ።

ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«አውቃቸዋለሁ» አለኝ፤ «ዛሬ ግን እንግዳ የለንም።»