በአመራር የተጠበሰ ኑድል

ሥራን ማፋጠን ታላቅ ጥበብ ነው። ይህን የምለው መጽሐፍ አገላብጬ ሳይሆን ታላቅ ወንድሜ ቤት ስለምኖር ነው። ወንድሜ የሥራ ማፋጠኛ መምሪያ ኃላፊ ናቸው። ጉዳዩ የተጓተተበት ሰው እሳቸው ዘንድ ይመጣል፣ እንዲፋጠንለት ያመለክታል፣ ማመልከቻውም ተራውን ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ የጡረታ ጉዳያቸው እንዲፋጠንላቸው አመልክተው፣ መልሱን ልጆቻቸው መጥተው በምስጋና ተረክበዋል። ጠላት ይህን መጓተት ይለዋል። ጠላት መቼም የሚለው አያጣም።

ስለ ወንድሜ የምናገረው ሁሉ ያለ አድልዎ እንደሆነ ይታወቅልኝ። የምበላውም የምተኛውም እሳቸው ቤት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ምስክር ከየት ይመጣል?

ባለቤታቸው አዋላጅ ነርስ ናት። እትዬ እላታለሁ፣ አንቱ ግን አልላትም፤ «አንቱ ካልከኝ ካልሲህን ራስህ ታጥባለህ» ስላለችኝ ተስማምተን ነው። እትዬን ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን እንድትመራለት ጠርቷት ነበር። መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻ ቀን ይህ የምተርከው ነገር የሆነበት ቅዳሜ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ለባሏ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«መሄድ አልፈልግም» አለች። «ልጄ እዚህ ናት፣ እናትህንም እወዳቸዋለሁ። ግን ቀን ሰው ሳዋልድ ውዬ ማታ ደግሞ እራት ማዋለድ ሰልችቶኛል። ዛሬ ስመለስ አንድ የበሰለ ነገር ጠረጴዛ ላይ ላግኝ። እንቁላልም ቢሆን። ካገኘሁ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።»

«ካላገኘሽስ?»

«ካላገኘሁማ እመጣለሁ እላቸዋለኋ።»

ወንድሜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በበጎ ጎኑ ተመልክተነዋል።»

«ከማን ጋር ነው የተመለከታችሁት?» አለችና ወጣች።

ወንድሜ ሚስታቸውን ይወዳሉ። በዚህ አልቀልድም። በሩ ሲዘጋ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው ሳሎኑ መሐል ቆመው ቀሩ። ሌላ ባል ቢሆን ይሄኔ እንቁላሉን ሰብሮ ይገላገል ነበር። የመምሪያ ኃላፊ ግን እንቁላል አይጠብስም፤ እንቁላል ማንም ይጠብሳል።

ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ የዶሮ ኑድል ሲጠብስ አሳዩን። ሰውየው መጥበሻውን በደንብ ያግላል፣ ዶሮውን ይጥላል፣ አትክልቱን ይጨምራል፣ ኑድሉን ይገለብጣል፣ ሶያ ሶሱን ያርከፈክፋል፣ አለቀ። ቪዲዮው መሐሉ ላይ ከገባው የሳሙና ማስታወቂያ ያጥራል።

«አያችሁ?» አሉ ወንድሜ። «ይህ ነው እንግዲህ። ስንት ዓመት ሙሉ ስንጮህ የኖርነው ለዚህ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ካሮት እየበላች ታይ ነበር። «አባዬ፣ እኔ ልሥራዋ? ዶርም ውስጥ ስንቴ ሠርቻታለሁ።»

«ልጄ፣ ቁም ነገሩ ምግቡ መሠራቱ አይደለም» አሏት። «አሠራርን ሳይከተል የተሠራ ምግብ ቢጣፍጥ እንኳ በአጋጣሚ ነው የጣፈጠው።»

በዚሁ መሠረት ከቀትር በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። ወጥ ቤታችን ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ማቀዝቀዣውን ተደግፎ የሚቆምበት ዓይነት ነው። ወንድሜ ሽርጡን ከኮታቸው በላይ አሰሩና የሥራ ድርሻ አከፋፈሉ። እሳቸው ሰብሳቢ፣ እኔ አስተባባሪ፣ ልጅቷ አስፈጻሚ። እናታችን የበላይ አማካሪ ተባለች፤ ቦታ ስለጠበበ ግን አማካሪነቷን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተዘርግቶላት ተረከበች።

«ውሃው ፈልቷል» አለች ልጅቷ።

«ኑድሉ ይግባ።»

«አሁን? ዶሮው እኮ ገና ከማቀዝቀዣ አልወጣም። ኑድል መጨረሻ ላይ ነው የሚቀቀለው።»

«ፓኬቱ ላይ ምን ይላል?»

«ፈጣን ይላል።»

«ፈጣኑን ማስቀደም የማፋጠን ሀሁ ነው። ይግባ።»

ገባ። ወንድሜም የመክፈቻ ንግግራቸውን ጀመሩ። ዛሬ የምንጠብሰው ኑድል ኑድል ብቻ እንዳልሆነ፣ ቤተሰብ የማኅበረሰብ መሠረት እንደሆነ፣ ወጥ ቤትም የቤተሰብ መሠረት እንደሆነ፣ የወጥ ቤት መሠረት ደግሞ ቅንጅት እንደሆነ አስረዱን። ወደ ቅንጅት ሲደርሱ ልጅቷ የድስቱን ክዳን አነሳች።

«አባዬ፣ በስሏል።»

«ንግግር አታቋርጪ።»

«እያበጠ ነው እኮ።»

«ማበጥ አይባልም። ዕድገት ነው።»

ንግግሩ ሲያበቃ አጨበጨብን፤ እናታችን እንዳለቀ የገባት በጭብጨባው ነው። ቀጥሎ ወደ ዶሮው ተሻገርን። ቻይናዊው ዶሮው እኩል እኩል ካልተቆረጠ እኩል አይበስልም ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው። ታዲያ «እኩል ማለት ከምን ጋር?» የሚል ጥያቄ ከሰብሳቢው ተነሳ። ብዙ ከተወያየን በኋላ ወንድሜ በገዛ እጃቸው አንድ ቁራጭ ቆረጡ፣ ጣታቸውንም አብረው ሸረፉ፣ ቁራጩንም ሞዴል ብለው ሳህን ላይ ብቻውን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ከሞዴሉ ጎን እየተጋደመ ይለካ ጀመር።

«ይሄኛው ይረዝማል» ይላሉ ወንድሜ።

ልጅቷ ታሳጥረዋለች።

«አሁን ደግሞ አጠረ።»

«ያጠረውን ምን ላድርገው? ልጎትተው?»

«የረዘሙት ወደ እሱ ይውረዱ።»

«ሞዴሉም ይረዝመዋል እኮ።»

«ሞዴሉም ይሻሻላል።»

«ልጄ» አለች እናታችን ከኮሪደሩ፣ «ዶሮ ነው የምትቆርጡት መሬት?»

እንዲህ እየተስተካከለ፣ እየወረደ፣ እየተሻሻለ ሄዶ ዶሮው ለመፈጨት ምንም አልቀረው። ሞዴሉና ጥቂት ባልደረቦቹ ብቻ መልክ ይዘው ተረፉ። ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ ግን የማንንም ትኩረት ስላልሳቡ ልጅቷ ጥግ ይዛ ዝም ብላ ከትፋ ጨረሰቻቸው።

ይህን ጊዜ ጀምበር አዘቀዘቀች፣ የሪፖርትም ሰዓት ደረሰ። ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በወንድሜ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሥራን አይጠብቅም። ሥራ የሚያልቅበት ጊዜ አይታወቅም፤ ሪፖርት ግን ቀጠሮ አለው፣ ቀጠሮ የሌለው ቀጠሮ ላለው ይገብራል። ኃላፊዎቹ ሁሉ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ በዕረፍት ቀን ሳይቀር አንዱ ችግኝ ሲተክል፣ ሌላው አረጋዊ መንገድ ሲያሻግር እየተነሳ ይለጥፍበታል። የወንድሜ ተራ ከተዘለለ ሰነባብቷል።

«ጎድጓዳውን ሳህን አምጪ» አሉ።

ኑድሉ ከድስቱ ሲገለበጥ የድስቱን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ። ከካሮቱ ጥቂቱ ዙሪያውን ተደረደረ፣ ሶያ ሶስ ጠብ ጠብ ተደረገበት፣ ሞዴሉም ከባልደረቦቹ ጋር አናቱ ላይ ጉብ አለ። እናታችን ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አየችው።

«ዶሮው ጥሬ ነው እኮ።»

«ፎቶ ላይ አይታወቅም፣ እማዬ።»

ትኩስ እንዲመስል እኔ የፈላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከሳህኑ ጀርባ እንድንበረከክ ታዘዝኩ። ፎቶው ተነሳ። ከሥሩም «የቻይና ዓይነት የዶሮ ኑድል በእኔ አዘጋጅነት ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተጠናቋል» ተብሎ ተጻፈና ተላከ። ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደ። ዋናው አለቃ ራሳቸው «አርአያነት ያለው ተግባር» ብለው ጻፉ። ወንድሜ ሽርጡን እንኳ ሳይፈቱ ሳሎን ሄደው ሶፋው ላይ ተደላድለው የእንኳን ደስ ያለህ መልስ ይመልሱ ጀመር።

ትንሽ ጠበቅኩና ጠጋ አልኳቸው። «ጋሼ፣ እንግዲህ እንጥበሰው?»

«ምኑን?»

«ኑድሉን።»

«ተጠናቋል ተብሎ ተልኳል እኮ» አሉኝ ቅር ብሏቸው። ልክ ናቸው። አልቋል የተባለን ሥራ መጀመር በገዛ ራስ ላይ መመስከር ነው። እኔ ይህን እንኳ የማልገነዘብ ሰው ስለሆንኩ ነው እስካሁን ኃላፊ ያልሆንኩት።

ያስነሳቻቸው እናታችን ናት። «ሚስትህ ፎቶ አትበላም» አለቻቸው። ይህን ጊዜ የጠዋቱ ነገር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው አመድ ሆኖ ወደ ወጥ ቤት ሮጡ። ሲሮጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። መጥበሻው ሳይግል ዘይት፣ ዘይቱ ሳይግል ያንን የኑድል ተራራ ከነካሮቱ ከነሞዴሉ ገለበጡበት። ሥሩ ሲያር አናቱ ቀዝቃዛ ነበር። በማማሰያ ቢወጉት ማማሰያው ተሰክቶ ቀረ። «እሳት ጨምሪ» አሉ ለልጅቷ፤ ተጨመረ። ጭሱ ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ገባ፣ እናታችን አስነጠሳት፣ በሩም ያን ጊዜ ተከፈተ።

እትዬ ቦርሳዋን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ባሏ በኮታቸው ላይ ሽርጥ አድርገው፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ በመክተፊያው ጭስ ያራግባሉ። አየቻቸው፣ መጥበሻውን አየች፣ ቆሞ የቀረውን ማማሰያ አየች። ከዚያ ሳቀች። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«በል ውጣልኝ፣ ርቦኛል» አለች።

እጇን ታጠበች። ባዶ መጥበሻ እሳቱ ላይ ጥዳ እስኪጨስ ተወችው፣ በጎን ውሃ ጣደች። ዘይቱን ጠብ አድርጋ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ስትጥልበት ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። የተረፈውን ዶሮ በተነችና ሳይነካካ አፍታ ተወችው፤ ሲነጣ አገላበጠችው። ልጅቷ የከተፈችው ጎመንና ካሮት ተከተለ። ከመደርደሪያው ሌላ ፓኬት ኑድል አውርዳ ቀቅላ፣ ገና ጠንከር እንዳለ አጠንፍፋ ደፋችበት፣ ሶያ ሶሱን በመጥበሻው ዳር ዳር አፈሰሰች፣ ሁለቴ ሦስቴ አገለባበጠችና እሳቱን አጠፋች። ወንድሜ በዚህ ሁሉ ጊዜ በር ላይ ቆመው በሂደቱ ስለታዩ ክፍተቶች ማብራሪያ ይሰጡ ነበር፤ ወደ ሁለተኛው ክፍተት ሳይሻገሩ ሳህን ቀረበ።

ከበን በላን። እናታችን ሳህኗን በጣቷ ጠረገች። እትዬ ሹካዋን አስቀምጣ ባሏን አየቻቸው።

«ስማ» አለች ቀስ ብላ። «የበሰለ ነገር አላገኘሁም። ግን ጣትህን ቆርጠሃል፣ ኮትህ ዘይት በዘይት ሆኗል። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አይቻለሁ። አልመጣም ልላቸው ነው።»

ስልኳን አወጣች። ልጅቷ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ጨበጠችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ያቺ ሴት ከሄደች ያ ቤት ቤት አይደለም።

ያኔ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ዋናው አለቃ ናቸው። ክብር ለብቻ አይበላምና ወንድሜ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«አንተ ሰው፣ ጉድ አደረግከኝ» አሉ አለቃው። «ባለቤቴ ፎቶህን አይታ ‹አንተስ መቼ ነው?› እያለች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። ለመሆኑ ማንም ሳያግዝህ ነው የሠራኸው?»

እትዬ ጣቷን ስልኳ ላይ እንዳደረገች ወደ ባሏ ዞረች። አልተቆጣችም፣ እንዲያውም ፈገግ ብላለች።

«‹እሷ ናት የሠራችው› በላቸው» አለች በሹክሹክታ። «‹እሷ› የምትለዋን አንድ ቃል ብቻ በል፣ እኔም አልመጣም ብዬ እደውላለሁ።»

ወንድሜ እሷን አዩ፣ ስልኩን አዩ። ላባቸው ከግንባራቸው ወርዶ አንገታቸው ሥር ሲገባ አየሁ። እናታችን «በል እንጂ» እያለች ጉልበታቸውን ነካካች። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማንም አላገዘኝም፣ ጌታዬ» አሉ። «ባለቤቴ እንዲያውም ከሥራ ስትመጣ በስሎ ነው የጠበቃት።»

አፈርኩ። ልጅቷ እጄን ለቀቀችው። እትዬ ግን ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ደወለች። «አዎ፣ ወስኛለሁ፣ እመጣለሁ» ስትል ሰማናት። ከዚያ የቁም ሳጥኑ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። እናታችንን ሁለት ጉንጯን ሳመች፣ ልጇን አቅፋ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። «ዛሬ እህቴ ጋ አድራለሁ፣ ጠዋት እሳፈራለሁ» አለችኝ፤ በሩን ከፈትኩላት። አለቃው አሁንም አልጨረሱም ነበር፤ ልምዱ ለሌሎች መምሪያዎች እንዲስፋፋ፣ ወንድሜም ሰኞ ለኃላፊዎች ሁሉ ሥልጠና እንዲሰጡበት ያዝዛሉ።

«በል እሺ፣ ባለቤትህስ?» አሉ በመጨረሻ። «እንዴት አገኘችው?»

የሻንጣዋ ጎማ ደረጃውን አንድ በአንድ እየመታ ይወርዳል። ወንድሜ ይሰሙታል።

«ደስ ብሏት ወጣች፣ ጌታዬ» አሉ።

ፊቷን ደረጃው ላይ አይቻለሁና ልመስክር። ወንድሜ በዚያ ቀን ለመሥሪያ ቤታቸው ካቀረቡት ሪፖርት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው።