የዐርዋ ኬላ

ሰው አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ከየትም ይምጣ፣ ወሬውን የሚጀምረው በ«እዚያ እኮ» ነው። ከዱባይ የመጣችው «እዚያ እኮ መብራት አይጠፋም» ትላለች። ከጁባ የመጣው «እዚያ እኮ ሥራ ፈላጊ የለም» ይላል፤ ታዲያ ምን አመጣህ ቢሉት ወሬ ይቀይራል። አሶሳ ይህን ሁሉ ችላ ስትሰማ ኖራለች። የዐርዋን የሚያህል ግን ገጥሟት አያውቅም።

ክብርት አምባሳደር ዐርዋ ሐመድ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሶሳ ተወልዳ ገና ጡት እንደጣለች ወላጆቿ ካርቱም ይዘዋት ሄዱ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ በኩርሙክ ድንበር በኩል ይዘዋት ተመለሱ። «አገርሽ ነው» ተባለች። እሷም ለሥራ ጉብኝት እንደመጣ ባለሥልጣን ዙሪያውን ቃኘችና ባየችው ነገር አልተደሰተችም።

የመጀመሪያዋ ተጠቂ ጎረቤታቸው አገኘሁሽ ነበረች። አገኘሁሽ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ያመጧት፣ በሯ ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ፣ አንድ ልጇ ነብዩም ለሥራ ፓዌ ከገባ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ዐርዋ የዚህችን ሴት ሻይ ፉት አለችና ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው።

«ኻላ፣» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ይሄ ሻይ ታሟል?»

«ምን አልሽ አንቺ!»

«እዚያ እኮ ሻይ በናና ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል።»

«እንግዲያው እዚያው ሄደሽ ጠጪ!» አለቻት አገኘሁሽ። አምባሳደሯ በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ መጣች፤ ናናውንም ራሷ ይዛ።

የማንጎው ጉዳይ ደግሞ ሰፈሩን ለሳምንት አሳቀ። ካርቱም ማንጎ ተመዝኖ የሚሸጥ የተከበረ ነገር ነው። አሶሳ ደግሞ በወቅቱ ጣሪያ ላይ እየወደቀ እንቅልፍ ይነሳል። ዐርዋ መንገድ ላይ አንድ የወደቀ ማንጎ አገኘችና በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ባለቤቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። «ብይው» ቢሏት በጄ አላለችም። በመጨረሻ አገኘሁሽ «የእኔ ነው፣ ሰጥቼሻለሁ» ብላ ዋሽታ ገላገለቻት።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ካርቱም የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ለጥ ብላ ተኛች፣ እሑድ ዩኒፎርሟን ግጥም አድርጋ ሄደች። ዘበኛውን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ «መምህራን የት አሉ? ሁሉም ቀሩ?» ብላ ጠየቀችው። ካርቱም ወንድና ሴት የሚማሩት ለየብቻ ነውና፣ ሰኞ ደግሞ ዴስክ የሚጋራትን ቴዎን «የወንዶች ትምህርት ቤት ይሄ አይደለም» ብላ አስነሳችው። ምስኪኑ ልጅ እውነት መስሎት ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ።

ለሰፈሩ ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። እናቷን ብኸይታን ግን እንቅልፍ አሳጥቷታል። ልጅቷ ጓደኛ የላትም፤ ማታ ማታ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትላታለች። የት እንደሚመለሱ ብኸይታ ምን ብላ ትንገራት? ቤቱ የለም፣ ሰፈሩም የለም።

«ካይሮ ያለችው እህቴ ላኪልኝ ትላለች፣» አለች አንድ ቀን ለአገኘሁሽ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እስከ ዒድ ካልለመደች እልካታለሁ።»

«ላኪያት እናቴ!» አለች አገኘሁሽ። «ካይሮም የድርሻዋን ትቅመስ።»

ረመዳን ገባ። ዘንድሮ ከሁዳዴ ጋር ስለገጠመ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነው። ሐመድና ቤተሰቡ አመሻሽ ላይ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ እቤታቸው ሊያፈጥሩ ተቀመጡ። ዐርዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። «እንደ ሌባ ተደብቀን ነው የምንበላው?» አለች። እውነትም በካርቱም ረመዳን እንዲህ አይደለም፤ ሰዉ ምንጣፉን መንገድ ዳር ያነጥፋል፣ አላፊ አግዳሚውን፣ አውቶቡሱን ሳይቀር አስቁሞ በግድ ያበላል። አባቷ «እዚህ ሁሉም የየራሱ ቤት አለው ልጄ» ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። ሰማችው፤ ነገር ግን አልተስማማችም።

በማግስቱ አዛን ሊል ሲል ሰሌን መንገድ ዳር አነጠፈች፣ ቴምሩንና ፉሉን ደረደረች። ከዚያ የፍየል ገመድ አንዱን ጫፍ መንገድ ዳር ካለው የማንጎ ግንድ አስራ፣ ሌላውን ይዛ መንገዱ ላይ ወጠረችው።

መንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ በእኛ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ባለ ባጃጁ የሻው ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ «ኬላ!» አለ። ተሳፋሪዎቹ ኪሳቸውን መዳበስ ያዙ። ወንድምአገኝ የሚባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለፍተሻ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ወረደና፣ አቧራው መሀል ማን እንደቆመ ሳያጣራ «መታወቂያዬ እድሳት ላይ ነው፣ ጌታዬ» ብሎ መማጸን ጀመረ።

«ተቀመጡ!» አለች ኬላዋ። ተቀመጡ።

«ብሉ!»

እርስ በርስ ተያዩ። የሻው ቀስ ብሎ «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ፣ እማማ» አላት።

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ለዚያ ነው የምንበላው። ፉሉ በዘይት ነው፣ ቅቤ የለውም። ብላ!»

ብኸይታ እጇን በራሷ ላይ ጭና ብቅ ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ቴምር ይበላ ነበር። ሐመድ መጀመሪያ አፈረ፣ ኋላ ጆግ ውሃ ይዞ ወጣ። አገኘሁሽም «ምን ጉድ ነው?» ብላ ሻይዋን እንደያዘች መጥታ ከብኸይታ አጠገብ ቁጭ አለች። ብዙ ጊዜ በአጥር ተነጋግረዋል፤ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። አገኘሁሽ ቤቷ ገብታ እንጀራዋን ብቻዋን ሳትቆርስ ስታመሽም፣ ከነብዩ መሄድ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ባለ ባጃጁ ሁሉ ሌላ መንገድ ያጣ ይመስል አመሻሽ ላይ በዚያ ማለፍ አመጣ። ቴዎም ሰሌን በማንጠፍ ተቀጠረ።

በመጨረሻው የጾም ቀን ሰሌኑ እየተነጠፈ ሳለ ብኸይታ «እትዬ፣ እህቴ ሁሉን ጨርሳለች። ከዒድ በኋላ ልጅቷ ትሄዳለች» አለች።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ካይሮ ነዋ። አንቺስ ላኪያት ብለሽ አልነበር?»

«ብያለሁ! እኔ ስንቱን እላለሁ!» አለች አገኘሁሽ። «ነብዩን ደውዬ ስቆጣው ‹እሺ እማዬ› ብሎ ይዘጋዋል። ቁጭ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ይቺ ብቻ ናት። እሷም ሄዳ እኔ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? እወዳታለሁ እኮ፣ ብኸይታ!»

ብኸይታ ደነገጠች። ሰፈሩ ልጇን የሚታገሣት እንጂ የሚወዳት አይመስላትም ነበር። ሐመድ ዐርዋን ጠራትና ካይሮ ሄዳ ከአክስቷ ጋር መኖር ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

ልጅቷ ነገሩን አሰበችበት። የአክስቷን ቤት በስልክ ቪዲዮ አይታዋለች።

«አክስቴ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣» አለች። «እዚያ መንገደኛ አያልፍም።»

ሐመድ ፊቱን አዞረ። ብኸይታ ወደ ጓሮ ሄዳ ለእህቷ ደወለች፤ በአረብኛ ብዙ አወራች፣ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ስትመለስ አገኘሁሽ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች እዚያው ቆማ ነበር።

«ምን አልሻት?»

«አትጠብቂያት፣ ልጅቷ እዚህ ሥራ ይዛለች አልኳት።»