ከአንድ እስከ አስር

(ደብረ ብርሃን፣ ፎቅ ላይ ያለች ሙቅ ቢሮ። ደምመላሽ የሥነ ልቦና አማካሪ ነው፤ በሬዲዮ እየቀረበ ባልና ሚስትን «ተደማመጡ» የሚል፣ ሰውን በአረማመዱ ለይቼ አውቃለሁ ባይ። ፊት ለፊቱ ጋቢ የደረቡ ሰው ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ አቶ ገብረ ጻድቅ ይባላሉ። ደምመላሽ ዐይቷቸው አያውቅም፤ ግን ገና ከበር ሳይገቡ በሽታቸውን ለይቶ ጨርሷል። ክርክሩ ስለ ወንበር ነው።)

ደምመላሽ፦ ይቀመጡ እንጂ አባባ፤ ለእርስዎ እኮ ነው የተዘጋጀው።

ገብረ ጻድቅ፦ ወንበሩስ ይባረክ። ጉዳዬ ሳያልቅ ግን አልቀመጥም።

ደምመላሽ፦ አልተመቸዎትም?

ገብረ ጻድቅ፦ ኧረ ያስተኛል። ወጉ አይደለም እንጂ።

ደምመላሽ፦ (ሁሉ ነገር እንደገባው ራሱን እየነቀነቀ) መቀመጥ ያስፈራዎታል። ጭንቀት ነው።

ገብረ ጻድቅ፦ ጭንቀትስ አለ። ባንጨነቅ በዚህ ብርድ ከጎረቤላ ምን አመጣኝ?

ደምመላሽ፦ ከጎረቤላ? ባለቤቴ ሠናይት እኮ የዚያ ልጅ ናት። አሁንም እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ነው ያለችው።

ገብረ ጻድቅ፦ እናውቃለን እንጂ። ጎረቤታችን አይደለች?

ደምመላሽ፦ ጥሩ፣ ጥሩ። ወደ እርስዎ እንመለስ። ጭንቀትዎን ከአንድ እስከ አስር ቢመዝኑት ስንት ይሰጡታል?

ገብረ ጻድቅ፦ ከአሥርቱ ትእዛዛት ነው?

ደምመላሽ፦ አይ፣ ቁጥር ብቻ።

ገብረ ጻድቅ፦ ቁጥር ላይ ደካማ ነኝ ልጄ። እኔ የመጣሁት በሽማግሌነት ነው።

ደምመላሽ፦ ሽማግሌነት አያሳፍርም አባባ። ዕድሜን መቀበል ነው መድኃኒቱ።

ገብረ ጻድቅ፦ እሱንማ ተቀብያለሁ፤ ባልቀበል ማን ይመልስልኛል? (ጉሮሯቸውን ጠርገው) እንግዲህ... አንዲት ሴት አለች። አንድ ሰውዬም አለ። ሴትየዋ አኩርፋ እናቷ ቤት ከገባች ሰነበተች።

ደምመላሽ፦ «አንዲት ሴት»፣ «አንድ ሰውዬ»። እዚህ የሚመጣ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራኝ። ያ ሌላ ሰው ግን ሁልጊዜ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።

ገብረ ጻድቅ፦ (እፎይ ብለው) እግዜር ይስጥህ። እዚሁ ነው። ሊመጣ የነበረው ጓደኛዬ ወልደተንሣኤ ጉንፋን ጥሎት እኔን ሲልከኝ «በቀጥታ እንዳትናገር፤ ዙሪያውን ዙር» ብሎ አስጨንቆኝ ነበር። አንተ ግን ቶሎ ገባህ።

ደምመላሽ፦ ሥራዬ ነው። የጓደኛን ምክር ሰምቶ መምጣትም ድፍረት ነው። ታዲያ ያ «ሰውዬ» ምን አደረጋት? መታት?

ገብረ ጻድቅ፦ ኧረ እጁንስ አያነሳም።

ደምመላሽ፦ ይጠጣል?

ገብረ ጻድቅ፦ ውሃ ነው አሉ። በጠርሙስ ይዞት ይዞራል።

(ደምመላሽ ከጠርሙሱ ውሃ ይጎነጫል።)

ደምመላሽ፦ ታዲያ ምን አስከፋት?

ገብረ ጻድቅ፦ «ደከመኝ» ስትለው «ድካምሽ ከአስር ስንት ነው?» ይላታል።

ደምመላሽ፦ (ደስ ብሎት) ዝግጅቴን ይሰማሉ ማለት ነው። ግን አባባ፣ ይኼ የባለሙያ መሣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ገብረ ጻድቅ፦ እኛም ያልነው ይኸንኑ ነው። የአባቷ ሙት ዓመት ለት ስታለቅስ ደግሞ «ስሜትሽን ታዘቢው» ብሏት ወጣ። እሷም ታዘበች፤ የታዘበችው ግን እሱን ነው።

ደምመላሽ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይኼ ያማል። አጠገቧ ቁጭ ማለት ነበር የሚሻለው።

ገብረ ጻድቅ፦ በመጨረሻ ልብሷን ሸክፋ «እናቴ ጋ ልሂድ» አለችው። ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ለራስሽ ጊዜ መስጠትሽ ደስ ይላል» ብሎ በሩን ከፈተላት። ድስቷን ታቅፋ ነበር እኮ።

ደምመላሽ፦ ድስት?

ገብረ ጻድቅ፦ እናቷ ለጎጆዋ የሰጠቻትን፣ ትልቁን።

ደምመላሽ፦ አባባ፣ ድስት ይዞ ሊያርፍ የሚሄድ ሰው የለም። ሴት ድስቷን ታቅፋ ከወጣች ትዳሩን ይዛ ነው የወጣችው። ይኼ እንዴት አይታይም? ዐይን የለም እንዴ?

ገብረ ጻድቅ፦ እኛንም የገረመን እሱ ነው። ጊዜ ደግሞ የለም። ዛሬ በከሰዓቱ መኪና ቁርጡን ይዤ ካልተመለስኩ ነገ አረርቲ፣ እህቷ ጋ ትሄዳለች። ሥራም ተገኝቶላታል። እሷስ ትወደዋለች፤ «ካልፈለገኝ ግን ምን ላድርግ?» ነው የምትለው።

(ደምመላሽ ከመቀመጫው ተነሳ። እንዲህ ያለ ባል ሲያጋጥመው ሬዲዮ ላይ ያለ ይመስለዋል።)

ደምመላሽ፦ እንግዲህ በባለሙያነቴ ልናገር። ምክር አያስፈልግም። ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ መውደቅ ነው። ዛሬውኑ።

ገብረ ጻድቅ፦ ድንጋይ? ወልደተንሣኤ እንኳ ይኼን ያህል አልጠየቀም። ከልብህ ነው?

ደምመላሽ፦ ከልቤ።

(አቶ ገብረ ጻድቅ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።)

ደምመላሽ፦ አዩ፣ ተቀመጡ። ጭንቀቱ ለቀቀዎት።

ገብረ ጻድቅ፦ ለቀቀኝ። አማላጅ የጠየቀው ከተፈጸመለት ይቀመጣል። በል ኮትህን ልበስ፤ መኪናው እንዳያመልጠን።

ደምመላሽ፦ እኔማ አማካሪ ነኝ፤ አብሬ አልሄድም። ድንጋዩን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።

ገብረ ጻድቅ፦ (ደንግጠው) በዚህ ዕድሜዬ ለአንተ ሚስት እኔ ድንጋይ ልሸከም?

(ደምመላሽ ጠርሙሱን ይከፍታል፤ ሳይጠጣ ይከድነዋል።)

ደምመላሽ፦ ለኔ ሚስት? ሠናይት እኮ... እናቷን ጠይቃ፣ አርፋ ልትመለስ ነው የሄደችው።

ገብረ ጻድቅ፦ ከነድስቷ?

ደምመላሽ፦ ድስቱን የወሰደችው እሷ ናት? እኔ ሌባ የገባ መስሎኝ ለፖሊስ አመልክቻለሁ።

ገብረ ጻድቅ፦ ሚስትህ ስትጠፋብህስ ለማን አመለከትክ?

(የደምመላሽ ዐይን እንባ አቀረረ። ኮቱን አንጠልጥሎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። አቶ ገብረ ጻድቅ ገና ከሚያስተኛው ወንበር ለመነሳት እየታገሉ ነው።)